በሶዶ ስለሚቀርበው የ10 ሰዓት ሻይ

የወላይታ ሶዶ ከተማ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ናት። በ2015 ዓመተ ምሕረት የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት መቀመጫው ከሆነች ወዲህ፣ ከየዞኑ ለጉዳይ የሚወጣና የሚወርድ መንገደኛ የሚያርፍባት ሆናለች። እኛም በቅርቡ ለሥራ ወደዚያው ወርደን ሳለ፣ ከቀኑ በ10 ሰዓት፣ ከአንድ ካህን ወዳጃችን ጋራ ወደ አንድ ያማረ ሆቴል ገባን። ወንበሩ ምቹ፣ የጠረጴዛው ልብስ ነጭ፣ አስተናጋጁም ትሑት ነበር። የቀረበልን ግን ከባሕር ማዶ የመጣ፣ በክር የተንጠለጠለ የሻይ ከረጢት፣ ከዚያም ጋራ ወተትና ቅቤ የበዛበት ኬክ ነው። ዕለቱ ረቡዕ ነበርና ወተቱንም ኬኩንም እንደ መጣ መለስነው፤ የቀረልንም የፈላ ውሃና ክር ብቻ ሆነ።

ካህኑ «የቅጠል ቡና የላችሁም ወይ?» ብለው ቢጠይቁት፣ አስተናጋጁ ፈገግ አለና «አባ፣ እርሱ የቤት ነው እንጂ፤ እንግዳ አይጠይቀንም» አላቸው።

የከሰዓት በኋላ ሻይ የእንግሊዞች ልማድ ነው። እነርሱ እንደሚተርኩት፣ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1840 ገደማ፣ የቤድፎርድ መስፍን ባለቤት አና በምሳና በራት መካከል ያለው ጊዜ ቢረዝምባቸው፣ ሻይና ጥቂት ዳቦ ወደ እልፍኛቸው እንዲገባላቸው አዘዙ፤ ኋላም ወዳጆቻቸውን ይጠሩበት ጀመር። ቅጠሉ ግን ለእንግሊዝም እንግዳ ነው፤ የመጣው ከቻይና ነው። ሰዓቱ ለእኛም አዲስ አይደለም። በጾም ቀን ከ9 ሰዓት ቅዳሴ የወጣ ጾመኛ አፉን የሚፈታው በዚሁ ጊዜ ነውና፣ እንዲያውም ከመስፍኒቱ ይልቅ የእኛ ካህናት በዚህ ሰዓት መራባቸው የታወቀ ነው።

ከሆቴሉ ወጥተን ካህኑ ወደ ንስሐ ልጃቸው ቤት ወሰዱን። የቤቱ እናት በወላይትኛ ሃይታ ቱኬ የሚባለውን፣ ማለት የቅጠል ቡናን፣ አፈሉልን። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የቡናው ቅጠል ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከሚጥሚጣና ከጤና አዳም ጋራ ይወቀጣል፤ በሸክላ ማሰሮ ከውሃ ጋራ ይፈላል፤ ጨው ይገባበታል፤ ተጠልሎ በኩባያ ይቀዳል። ስኳር አይታሰብም። ከጎኑ የተቀቀለ ስኳር ድንችና ጎደሬ ቀረበ፤ ሁሉም የጾም ነው። የመጀመሪያው ጉንጭ እንደ እኛ ሻይ ለለመደ ሰው ያስደነግጣል፤ ሦስተኛው ላይ ግን ላብ ግንባርን ሲያርስ፣ የመንገዱ ድካም ከአጥንት ይወጣል። ጎረቤት ሳይጠራ ይገባል፤ የተለየው ታርቆ፣ የታመመው ተጠይቆ ይነሣል።

እናቲቱ የሆቴሉ ሻይ ስንት እንደሚሸጥ ጠየቁን። ብንነግራቸው «ለውሃው?» ብለው ሳቁ።

ነገሩ ግን ከሣቅ ያልፋል። በካፋ ውሽውሽና በኢሉባቦር ጉማሮ የሻይ እርሻ እያለን ከረጢቱን ከውጭ የሚያስመጣ ሆቴል፣ የገዛ አገሩ ቅጠል የቤት ነው ብሎ ያፍርበታል። በሌላ በኩል የኤውሮጳ ኅብረት በ2012 ዓመተ ምሕረት የቡና ቅጠል መጠጥ በገበያው እንዲሸጥ ፈቅዷል። ከቤታችን ይዘን ለመውጣት ያፈርነውን ነገር ሌላው በጠርሙስና በከረጢት አሽጎ፣ ስሙን ለውጦ፣ መልሶ ሊሸጥልን ይችላል።

የቤት ነው ማለት ለነውር ምክንያት አይሆንም። ቡና ራሱ በሰሜኑ ክርስቲያን ዘንድ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ ይነወር እንደ ነበር አባቶች ያውቃሉ፤ ዛሬ ግን ከቅዳሴ መልስ የማይጠጣው ጥቂት ነው። በትልልቅ ሆቴሎችም ቄጠማ ጎዝጉዞ፣ ዕጣን አጢሶ በጀበና ማፍላት ለእንግዳ የሚደረግ ክብር ሆኗል። እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ ዓመታት ማለቂያ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ሲያቋቁሙም፣ ምግብን በገንዘብ መሸጥ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነበር። ያ ቤት ጥር 3 ቀን 2007 ዓመተ ምሕረት ቃጠሎ ቢጎዳውም ስሙ እስከ ዛሬ አልጠፋም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ቡና ቅጠሉ ከመጠን በላይ ከተለቀመ ፍሬው ያንሳልና፣ ገበያ አለ ተብሎ ዛፉ እንዳይራቆት የግብርና ባለሞያ ገበሬውን ሊያስተምረው ይገባል፤ ለመግረዝ ከሚቆረጠው ቅርንጫፍ የሚገኘው ቅጠል ይቀድማል። ሚጥሚጣውም ለማያውቀው እንግዳ ቢቀነስለት አይከፋም።

በማግሥቱ ስንሰናበት ይህን ሁሉ ለሆቴሉ ኃላፊ ነገርነው። ጥቂት አሰበና፣ በረቡዕና በዓርብ ቀን ለመጀመር ወጥ ቤቱን እንደሚያነጋግር፣ ማሰሮ ግን ከወዴት እንደሚገዛ እንደማያውቅ ነገረን። ካህኑም የእናቲቱን ቤት አመለከቱት።