ግራንድ ካንየን ኤስካሌድ

ግራንድ ካንየን ኤስካሌድ በአሜሪካ አሪዞና ክፍላገር፣ በናቫሆ ብሔር መሬት ላይ ሊሠራ ታቅዶ ሳይሠራ የቀረ የቱሪስት መዳረሻ ነው። የዕቅዱ ዋና ክፍል ጎብኚዎችን ከገደሉ አፋፍ ወደ ሸለቆው ወለል የሚያወርድ ኬብል ካር (በሽቦ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ መጓጓዣ) ነበር። ለዓመታት ካከራከረ በኋላ በ2017 እ.ኤ.አ. በናቫሆ ምክር ቤት ውድቅ ሆነ።

ቦታው

ኬብል ካሩ የታቀደው የኮሎራዶ ወንዝና ትንሹ ኮሎራዶ በሚገናኙበት ስፍራ ነበር። ትንሹ ኮሎራዶ ጎርፍ በሌለበት ጊዜ በውኃው ባለው ማዕድን ምክንያት ሰማያዊ መልክ አለው። የሆፒ ሕዝብ ቀደምቶቹ ወደዚህ ዓለም የወጡበት ሲፓፑ በዚሁ አካባቢ እንደሚገኝ ያምናል። ስፍራው በዙኚዎችና በብዙ ናቫሆዎች ዘንድም የተቀደሰ ነው። የግራንድ ካንየን ብሔራዊ ፓርክ ከዚሁ ጋር ይዋሰናል፤ ስለ ወሰኑ ግን የፓርኩ አስተዳደርና ናቫሆዎች አይስማሙም።

ዕቅዱ

ሐሳቡን ያቀረበው በአሪዞና የተቋቋመ የግል ድርጅት ነው። ኬብል ካሩ 2.2 ኪሎሜትር ያህል ርዝመት ኖሮት ወደ 1000 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርድ ነበር። በአፋፉ ላይ በ170 ሄክታር መሬት ሆቴልና ሱቆች እንዲሠሩ ታስቧል። የናቫሆ መንግሥት ለመንገድ፣ ለውኃና ለመብራት 65 ሚሊዮን ዶላር እንዲያወጣ፣ በምላሹም ከገቢው ድርሻ እንዲያገኝ ቀርቦ ነበር።

ክርክሩ

የደጋፊዎቹ ምክንያት ሥራና ገቢ ነበር። በናቫሆና በሆፒ የመሬት ክርክር ምክንያት የአሜሪካ መንግሥት በ1966 እ.ኤ.አ. በአካባቢው ግንባታን አግዶ ነበር። «የቤኔት እገዳ» የተባለው ይህ ትእዛዝ ለ40 ዓመታት ያህል ስለቆየ ነዋሪዎቹ ቤታቸውን እንኳ ማደስ ይቸገሩ ነበር፤ ብዙዎቹም እስካሁን ያለ ቧንቧ ውኃና ያለ መብራት ይኖራሉ። ጎብኚዎች በፓርኩ በኩል የሚያወጡት ገንዘብ ለእነርሱም ሊደርስ ይገባል ይሉ ነበር።

ተቃዋሚዎቹ በዚያው መሬት በግ የሚያረቡ የናቫሆ ቤተሰቦች፣ የሆፒ ሕዝብና የአካባቢ ጥበቃ ማኅበራት ነበሩ። ቤተሰቦቹ የግጦሽና የጸሎት ቦታቸውን እንዳያጡ ሰጉ። የመሠረተ ልማቱ ወጪ በሕዝቡ ላይ ሲወድቅ ትርፉ በአብዛኛው ለባለሀብቶቹ ይሆናል ሲሉም ተከራከሩ። በ2012 እ.ኤ.አ. የቦዳዌይ ጋፕ ቀበሌ ነዋሪዎች ድምፅ ሲሰጡ 59 ለ52 በሆነ ጠባብ ልዩነት ዕቅዱን ደገፉ፤ ክርክሩ ጎረቤትን ከጎረቤት የከፈለ ነበር።

ውሳኔው

ረቂቅ ሕጉ በ2016 እ.ኤ.አ. ለናቫሆ ምክር ቤት ቀረበ። ምክር ቤቱም ጥቅምት 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. 16 ለ2 በሆነ ድምፅ ጣለው። ስፍራው እንደነበረ ቀረ፤ የመንገድ፣ የውኃና የሥራ ጥያቄው ግን በውሳኔው አልተፈታም።