የቃል መጨረሻ የሚደግሙ ልጆች

መንተባተብ ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው ቃል መነሻው ላይ ሲያዝ ነው። ልጁ «መ-መ-መጽሐፍ» ይላል፤ አለዚያም የመጀመሪያው ድምፅ አልወጣ ይለዋል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ብዙዎቹንም እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል። ትምህርት ቤት ከገቡት መካከል ግን ንግግራቸው በሌላ መንገድ የሚደነቃቀፍ ልጆች አሉ።

እነዚህ ልጆች የሚደግሙት የቃሉን መጨረሻ ነው። በአማርኛ ቢሆን «መጽሐፍ-ሐፍ»፣ «ወደ ቤት-ኤት ሄድኩ» እንደማለት ነው። ቃሉ ያለ ምንም ችግር ወጥቶ አልቋል፤ ከዚያ ጫፉ፣ አንዳንዴ ከአጭር ዝምታ በኋላ፣ እንደገና ይሰማል። ቃሉን መሐል ላይ ቆርጠው የ«ሀ» ትንፋሽ የሚያስገቡም አሉ፤ «ቡና» «ቡ-ሁና» ይሆናል።

ዋናው ልዩነት ከልጁ ፊት ይነበባል። የሚንተባተብ ልጅ ቃል ሲይዘው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከንፈሩ ይወጠራል፣ የሚያስቸግረውን ቃል በሌላ ይተካል። የቃል መጨረሻ የሚደግመው ልጅ ግን ትግል አይታይበትም፤ መድገሙን ራሱ ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም። ሁኔታው ኦቲዝም ወይም የትኩረት ማነስ ባለባቸውና የአንጎል ጉዳት በደረሰባቸው ልጆች ላይ ታይቷል። ምንም ሌላ ችግር በሌለባቸውም ላይ ታይቷልና ከአነጋገሩ ብቻ ተነሥቶ «ልጁ ኦቲዝም አለበት» ማለት ስሕተት ነው።

ንግግር ማጣደፍ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። ዴሶ ዋይስ የተባሉ ሐኪም በ1964 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ ጽፈውበታል። ልጁ ቃላት ይውጣል፣ የጀመረውን ዐረፍተ ነገር ትቶ ሌላ ይጀምራል፣ ያለቦታው ያርፋል። «ቀስ በል» ሲሉት ንግግሩ ለጥቂት ጊዜ ይጠራለታል፤ የሚንተባተበው ልጅ ግን ይህን ሲሰማ ይብሱን ይጨነቃል።

የቃል መጨረሻ ለሚደግም ልጅ የሚሰጠው ሕክምናም ከመንተባተብ ሕክምና የሚለየው ትግል ስለማይታይበት ነው። ለመንተባተብ ከሚሰጠው ልምምድ አንዱ ክፍል ውጥረትን ማላላት ነው፤ እዚህ ግን የሚላላ ውጥረት የለም። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በቅድሚያ ልጁ ድግግሞሹን እንዲሰማው ያደርጋል፦ መጀመሪያ ከባለሙያው አፍ፣ ቀጥሎ ከራሱ የተቀዳ ድምፅ። ከዚያ ሐሳብ በሚያልቅበት ቦታ ማረፍን ያለማምደዋል። ድግግሞሹ ልጁን ከመናገርም ከመግባባትም ካላገደው ግን መተው ይቻላል፤ እቤት ውስጥ በየደቂቃው ማረም የሚያተርፈው ሐፍረት ብቻ ነው። ጭንቅላቱ ከተመታ በኋላ በድንገት የጀመረ መደነቃቀፍ ግን ቀጠሮ የሚሰጠው አይደለም፤ ወዲያው ሐኪም ሊያየው ይገባል።