ከሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና በፊት የማስታወስ ችሎታ ለምን ይፈተናል?

የሚጥል በሽታን አስመልክቶ ብዙዎቻችን የምናውቀው በክኒን የሚታከም መሆኑን ነው። እውነትም አብዛኞቹ ሕሙማን መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ከወሰዱ በሽታው አይነሳባቸውም። ከሦስቱ አንዱ ያህል ግን መድኃኒቱን ሳያቋርጥም ይጥለዋል። በትክክል የተመረጡና ለሕመምተኛው የተስማሙ ሁለት መድኃኒቶች ተሞክረው ካልሠሩ፣ ሦስተኛና አራተኛ ክኒን ከመደራረብ በፊት «ቀዶ ሕክምና ይጠቅመኝ ይሆን?» ብሎ ሐኪምን መጠየቅ ተገቢ ነው። በካናዳ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት 80 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ለቀዶ ሕክምና ከተመደቡት 58 ከመቶው፣ በመድኃኒት ብቻ ከቀጠሉት ደግሞ 8 ከመቶው ራስን ከሚያስተው የበሽታው መነሳት ነፃ ሆነው ተገኝተዋል።

ይሁን እንጂ የሚቆረጠው አንጎል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በጆሮ አካባቢ የሚገኘው ቴምፖራል ሎብ የተባለው ክፍል ሲሆን፣ በውስጡ ሂፖካምፐስ አለ። ስሙ የባሕር ፈረስ ከምትባለው ትንሽ ዓሣ የተወሰደ ነው፤ ቅርጹ እርሷን ስለሚመስል። በግራም በቀኝም አንድ አንድ አለን። ዛሬ የሰማነውን ነገ እንድናስታውሰው የሚያደርገው በዋነኛነት ይኸው ነው።

ይህ የታወቀው በከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ ዶክተር ዊልያም ስኮቪል ሄንሪ ሞላይሰን ለተባለ የ27 ዓመት ወጣት ቀዶ ሕክምና ሲያደርጉ፣ ይህንን ክፍል ከሁለቱም ወገን አወጡበት። በሽታው ቀለል አለለት። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር መያዝ አቃተው። ለብዙ ዓመታት ያጠኑትን ዶክተር ብሬንዳ ሚልነርን እንኳ በተገናኙ ቁጥር እንደ አዲስ ሰው ይቀበላቸው ነበር። የልጅነቱን ያስታውሳል፣ የማሰብ ችሎታውም አልተጓደለም፤ የጠፋው አዲሱን የመያዝ አቅም ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 እስኪሞት ድረስ በጥናት ጽሑፎች ላይ የሚታወቀው «ኤች. ኤም.» በሚሉ ሁለት ፊደላት ብቻ ነበር።

ዛሬ ሁለቱንም ወገን ማውጣት የተተወ ነገር ነው። በአንድ ወገን ሲቆረጥም አስቀድሞ ሁለት ጥያቄ ይመለሳል። በሽታው የሚነሳው ከየት ነው? ያ ቦታ ቢወጣ ምን ይጎድላል?

ለመጀመሪያው ኤም.አር.አይ. ይነሳል፤ የሟሸሸና ጠባሳ ያበጀ ሂፖካምፐስ በግልጽ ሊታይ ይችላል። ሕመምተኛው ሆስፒታል ተኝቶ በካሜራና በኢ.ኢ.ጂ. ቀን ከሌት ይከታተሉታል። በዚህ ጊዜ በሽታው እንዲነሳ መድኃኒት ሊቀንሱበት ይችላሉ፤ ይህንን በቤት ውስጥ ፈጽሞ አትሞክሩት። ፔት የሚባለው ምርመራ ደግሞ የትኛው የአንጎል ክፍል ስኳር በአግባቡ እንደማይጠቀም ያሳያል።

ሁለተኛው ጥያቄ ነው ማስታወስን የሚያስፈትነው። ባለሙያው የቃላት ዝርዝር ያነብና ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ያስታወሱትን ይጠይቃል። አጭር ታሪክ ያስደግማል፤ ሥዕል አሳይቶ በቃል ያሥላል። በአብዛኞቻችን ቋንቋና ቃል የመያዝ ሥራ ወደ ግራው ወገን ያዘነብላል።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ጥሩ ውጤት አመጣ፣ እንግዲህ ቀዶ ሕክምናው አያሰጋውም» ይላሉ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሊወጣ የታሰበው ሂፖካምፐስ በምስል ጤነኛ መስሎ ከታየና የማስታወስ ውጤቱም ከፍተኛ ከሆነ፣ ያ ክፍል ገና እየሠራ ነው ማለት ነው፤ ሲወጣ ብዙ ይዞ ይሄዳል። የተጎዳውና ሥራውን ካቆመ የቆየው ግን ሲወጣ የሚያጎድለው ያነሰ ነው። ስለዚህ ጥሩ ውጤት ያመጣ ሰው ረጋ ብሎ ሊያስብበት ይገባል፤ በተለይ መተዳደሪያው መምህርነት ከሆነ ወይም ቁርኣን በመሐፈዝ ላይ ያለ ተማሪ ከሆነ። ይህንን ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል፤ በምስል አይታይምና።

በመድኃኒት ባለሙያነቴ ይበልጥ የሚስበኝ ግን የዋዳ ምርመራ ነው። ጃፓናዊው ዶክተር ጁን ዋዳ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ የጀመሩትና በኋላ በካናዳ ሞንትሪያል ያስፋፉት ሲሆን፣ አሞባርቢታል የተባለው መድኃኒት ወደ አንደኛው የአንጎል ወገን በሚሄደው የደም ቧንቧ ይሰጣል። አሞባርቢታል በየመድኃኒት ቤቱ የምናውቀው የፌኖባርቢታል ዘመድ ነው። አንዱ የአንጎል ወገን ለጥቂት ደቂቃ ይተኛል፤ በተቃራኒው በኩል ያለው እጅም ይዝላል። ነቅቶ ያለው ወገን ብቻውን መናገርና ማስታወስ ይችል እንደሆነ ዕቃ እያሳዩ ይፈትኑታል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚመጣውን ለደቂቃዎች አስቀድሞ ማየት ማለት ነው። የአሞባርቢታል አቅርቦት በተቋረጠባቸው ጊዜያት አንዳንድ ሆስፒታሎች በሌሎች ማደንዘዣዎች ተክተውታል።

ዛሬ በብዙ ቦታ ፈንክሽናል ኤም.አር.አይ. የዋዳን ቦታ እየወሰደ ነው። ሕመምተኛው ማሽኑ ውስጥ ተኝቶ ቃላት እንዲያስብ ይደረጋል፤ በዚያን ጊዜ ኦክስጅን የያዘ ደም የበዛበት ቦታ በምስል ይለያል። መርፌም ጨረርም የለበትም። ቋንቋ በየትኛው ወገን እንዳለ በመለየት በኩል ጥሩ ይሠራል፤ በማስታወስ በኩል ግን ብቻውን አይበቃም።

በውጭ አገር የምትታከሙ ወይም ዘመድ የምታሳክሙ አንድ ነገር ልብ በሉ። የቃላቱ ፈተና የሚለካው በደንብ በሚያውቁት ቋንቋ ሲሆን ነው። አማርኛ ተናጋሪን በእንግሊዝኛ ወይም በዓረብኛ ዝርዝር ቢፈትኑት፣ የቋንቋ ጉድለቱ የማስታወስ ጉድለት መስሎ ሊመዘገብበት ይችላል። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ስንተኛ ክፍል እንደተማረም ንገሯቸው። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ጽፋችሁ ያዙ። ቶፒራሜት ቃል ፍለጋን ያዘገያል፣ ፌኖባርቢታልም ያፈዛል። በፈተናው ዋዜማ በሽታው ተነስቶበት ከነበረም ሳትደብቁ ተናገሩ፤ ቀጠሮው ሊዛወር ይችላል።

ቀዶ ሕክምናው ከተሳካ በኋላም መድኃኒቱ ወዲያው አይቆምም። አብዛኛውን ጊዜ ለረጅም ጊዜ ይቀጥላል፤ የሚቀነሰውም በሐኪሙ ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው።