ግሬናሽ ጓደኛ የሚሻው ለምንድን ነው?

ከፈረንሳይዋ አቪኞ ከተማ በስተሰሜን፣ በሮን ወንዝ አጠገብ ባለች መንደር ዙሪያ የሚመረተው ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ የተባለው ቀይ ወይን ጠጅ አርጅቶ ሲጣፍጥ ምስጋናውን ጠቅልሎ የሚወስደው ጊዜ ነው። ጊዜ ብቻውን ቢያጣፍጥ ኖሮ ግን በየሱቁ የተደረደረው ቀይ ወይን ሁሉ ተቀምጦ ባማረበት ነበር፤ አብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ መዓዛውን አጥቶ ይቀራል። የዚህኛው ምስጢር ከዓመታቱ ይልቅ ያለው ቅልቅሉ ላይ ነው። ከሚቀላቀሉት የወይን ፍሬዎች የአካባቢው ዋናው ግሬናሽ ይባላል። ፀሐይና ድርቅ ይችላል፤ ስኳሩ ብዙ ስለሆነም ጠጁን ጠንከር ያለ ግን ለስላሳ ያደርገዋል። ችግሩ ልጣጩ ስስ፣ ቀለሙም ፈዘዝ ያለ መሆኑ ነው፤ አየር ካገኘው ቶሎ ይደክማል። ሙርቬድር የሚባለው ተቃራኒው ነው፦ ፍሬው ትንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም፣ አየርን የሚቋቋም። በአዲስነቱ ግን ስኳር እንደሌለው ወፍራም ሻይ አፍ ያደርቃል። ሲራ ደግሞ ጠቆር ያለ ቀለምና ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ የሚል ሽታ ይዞ ይመጣል።

የእርጅናውን ሥራ ለማየት ብርጭቆውን ነጭ ጨርቅ ላይ ዘንበል ማድረግ ይበቃል። አዲሱ እስከ ዳሩ ድረስ ደማቅ ቀይ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት የተቀመጠው ዳር ዳሩን የሸክላ መልክ ይይዛል። ከልጣጩ የወጣው ቀለምና ታኒን የሚባለው አፍ አድራቂ ንጥረ ነገር እየተያያዙ፣ እየከበዱ ይዘቅጣሉ። በጠርሙሱ ሥር የሚገኘው አተላ በአብዛኛው ይኸው ነው (ከመቅዳት አንድ ቀን ቀድሞ ጠርሙሱን ማቆም የሚመከረውም ለዚሁ ነው)። እንጆሪ ይሸት የነበረው ጠጅ የደረቀ በለስ፣ ቆዳና እንጉዳይ መሽተት ይጀምራል። ግሬናሽ እዚህ የሚደርሰው፣ የሙርቬድር ታኒን እስኪለዝብ ድረስ ከአየር ሲከላከልለት ስለቆየ ነው።

«ሻቶ ራያስስ?» የሚል አይጠፋም። የመንደሩ ዝነኛ ቀይ ከግሬናሽ ብቻ ተሠርቶ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። እውነት ነው፤ ግን የራያስ ማሳ አካባቢው በሚታወቅበት ድቡልቡል ድንጋይ ሳይሆን በአሸዋ ላይ፣ በዛፍ ተከቦ፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ያለ ነው። ድንጋዩ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት በሚመልስበት ማሳ ላይ ያለ አምራች ያንን ቅዝቃዜ ከየትም አያመጣም፤ ሙርቬድር መትከል ግን ይችላል። ቅልቅል የደካማ ፍሬ መደበቂያ ነው የሚለው ክስም ከባዶ አልተነሳም። በመንደሩ ስም ማጭበርበር ስለበዛ፣ የሕግ ባለሙያና ወይን አምራች የነበሩት ባሮን ለ ርዋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1923 ደንብ እንዲወጣ ትግል ጀመሩ። በ1936 የጸደቀው ሕግ 13 የወይን ዓይነቶችን ፈቀደ፤ የእያንዳንዱን ድርሻ ግን ለአምራቹ ተወው። የተበላሸው ፍሬ ተለቅሞ እንዲጣልም ያስገድዳል፤ ለመደበቅ የተጻፈ ሕግ እንዲህ አይልም።

ይህ ሲባል ሁሉም ጠርሙስ ለዓመታት ይቀመጥ ማለት አይደለም። ግሬናሽ የበዛበትን ርካሹን በሦስት በአራት ዓመት ውስጥ መጠጣት ይሻላል። ሙርቬድር በርከት ያለበት ደግሞ መሐል ላይ ለጥቂት ዓመታት ጥርቅም ብሎ ይዘጋል፣ ሽታውም ጣዕሙም ይጠፋል፤ በዚያን ጊዜ የከፈተው ሰው ገንዘቡን የተበላ ይመስለዋል።