«ሴትባክ» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉምና አጠቃቀም

ከባሕር ማዶ ጋር በእንግሊዝኛ የሚጻጻፍ ነጋዴ በደብዳቤ፣ በገበያ ወሬና በሕንፃ ውል ውስጥ «ሴትባክ» የሚል ቃል ያጋጥመዋል። ትርጉሙ እንደ ገባበት ስፍራ ስለሚለያይ፣ አንዱን ለሌላው አድርጎ የተረጐመ ጸሐፊ አሠሪውን ሊያከስር ይችላል።

የመጀመሪያው ትርጉም ሥራን የሚያዘገይ ወይም ወደ ኋላ የሚመልስ እንቅፋት ማለት ነው። ለዚህ የሐረር ታሪክ ምስክር ይሆናል። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር አስቀድሞ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን የተራራው አቀበት ወጪ ስላበዛ ሐዲዱ በቆላው በኩል ተዘርግቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከዚያም ኩባንያው ስለ ከሰረ ሥራው ለዓመታት ቆሞ፣ በሌላ ኩባንያ ተቀጥሎ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ይህ መዘግየት ለባቡሩ «ሴትባክ» ነበር። ለሐረርም ሌላ «ሴትባክ» ሆነባት፤ ከቅፍለት ንግዷ ብዙው ወደ ድሬዳዋ ወርዷልና። ሆኖም ቃሉ ፍጹም ጥፋትን አያመለክትም፤ ባቡሩ ዘግይቶም ቢሆን ደርሷል፣ የሐረር ቡናም እስከ ዛሬ በዓለም ገበያ በከተማዋ ስም ይጠራል።

ሁለተኛው የገበያ ትርጉም ነው። የቡና ዋጋ «ሴትባክ» ገጠመው ከተባለ፣ ሲወጣ የቆየው ዋጋ ለጊዜው ዝቅ አለ ማለት ነው። ይህን «ገበያው ወደቀ» ብሎ የሚተረጕም ጸሐፊ፣ ላኪው በመጋዘን ያለውን ቡና በችኮላ እንዲያራክስ ያደርገዋል።

ሦስተኛው የሕንፃ ትርጉም ሲሆን፣ በቤቱና በመንገዱ ወይም በወሰኑ መካከል ባዶ የሚተው ስፍራ ማለት ነው። በኒውዮርክ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1916 የወጣው ሕግ ረጃጅም ሕንፃዎች ወደ ላይ በወጡ መጠን ከመንገዱ ፈቀቅ እንዲሉ ያዘዘው፣ ብርሃንና ነፋስ ወደ መንገዱ እንዲደርስ ነው። በሐረር ጀጎል ግን የግቢዎቹ አጥር ከጠባቡ መንገድ ጋር ተያይዞ የቆመ ነው፤ ባዶው ስፍራ የሚገኘው በውስጥ፣ በግቢው ነው። ስለዚህ በአዲሱ ከተማ ሱቅ ወይም መጋዘን የሚያሠራ ነጋዴ በፕላኑ ላይ «ሴትባክ» የሚለውን ቢያይ እንደ ጀጎሉ ልማድ እስከ መንገዱ ድረስ አይሥራ፤ የሠራውን ግንብ አፍርስ ሊባል ይችላልና።

ቃሉ ለሁለት ተከፍሎ «ሴት ባክ» ተብሎ ሲጻፍ ግሥ ይሆናል፤ ማዘግየት፣ ሰዓትን ወደ ኋላ መመለስ፣ በጨዋታ ቋንቋም ይህን ያህል ገንዘብ አስወጣኝ ማለት ነው። ይህ የመጨረሻው ለንግድ ደብዳቤ ጨዋ አነጋገር አይደለም።

በድምፅ የሚቀርበው «ድሮባክ» ደግሞ ሌላ ነው። በጉምሩክ ቋንቋ፣ ከውጭ የገባ ዕቃ ተሠርቶበት ወይም እንዳለ ተመልሶ ወደ ውጭ ሲላክ የሚመለስ ቀረጥ ነው። «ሴትባክ» ያዘገያል፤ «ድሮባክ» ግን ገንዘብ ያስመልሳል። ሁለቱን ያደባለቀ ጸሐፊ ነጋዴው መጠየቅ የሚገባውን ተመላሽ ያሳልፍበታል።

እንግዲህ ቃሉ ሲያጋጥም ጸሐፊው አስቀድሞ ነገሩ ስለ ሥራ፣ ስለ ዋጋ ወይስ ስለ ቦታ መሆኑን ይመርምር፤ ካጠራጠረውም መልስ ከመላኩ በፊት ላኪውን ይጠይቅ። የአንድ ደብዳቤ ጥያቄ ከአንድ መጋዘን ቡና ኪሣራ ይቀላል።