የተራራ መሪው ገመድ

በስዊዘርላንድና በኢጣሊያ ወሰን ላይ የሚገኘው የማተርሆርን ተራራ 4,478 ሜትር ከፍታ አለው። ከዘርማት ከተማ በኩል በሆርንሊ ሸንተረር መሪ ቀጥሮ ለሚወጣ ሰው አንድ የታወቀ ደንብ አለ፤ ይኸውም አንድ መሪ የሚይዘው አንድ ደንበኛ ብቻ ነው። ይህ ለምን አስፈለገ? መልሱን ለማግኘት ተራራው ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጣበትን ዕለት እንመልከት።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 14 ቀን 1865 እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ዊምፐርና ስድስት ጓደኞቹ ከጫፉ ደረሱ። ሲወርዱ ሰባቱም በገመድ ተያይዘው ነበር። ልምድ ያልነበረው ወጣቱ ሃዶ አዳለጠውና ከበታቹ የነበረውን መሪ ሚሼል ክሮን ገፍቶ ጣለው፤ የሁለቱ ውድቀት ደግሞ ከበላያቸው የነበሩትን ሁለት ሰዎች ጎተተ። ከእነዚህ ቀጥሎ የነበረው መሪ ታውግቫልደር አለቱን ተጠግቶ ቢቋቋምም ገመዱ ከፊቱ ተበጠሰ። አራቱ ሞቱ፤ ሦስቱ ተረፉ። የተበጠሰው ይዘውት ከወጡት ገመድ ሁሉ ደካማው ነበር።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ ሰውን ከሰው ብቻ እንጂ ከተራራው ጋር የማያያይዝ ገመድ የአንዱን ውድቀት ለሌላው ያስተላልፋል። ከዚህም በላይ ገመዱ ከላላ ወዳቂው ፍጥነት ስለሚጨምር፣ በመጨረሻ የሚመጣው ንጥቂያ ከሰውዬው ክብደት ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለሆነም የዛሬው መሪ ገመዱን አሳጥሮ ሳያላላ ይይዛል፤ አስቸጋሪ ቦታ ሲደርስም በአለት ጉጥ ወይም በተተከለ ብረት ላይ ይጠመጥመዋል። ሲወጡ መሪው ይቀድማል፤ ሲወርዱ ግን ደንበኛው ይቀድምና መሪው ከበላዩ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ጉዞው የሚጀመረው ጎሕ ሳይቀድ ነው። በሌሊት ውርጩ የተሰነጣጠቀውን አለት አጣብቆ ይይዛል፤ ፀሐይ ሲሞቅ ግን ይለቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በበጋው ኃይለኛ ሙቀት ድንጋይ ተንዶ የሆርንሊ መንገድ ለጊዜው ተዘግቶ ነበር።

በጫፉ ላይ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ 60 በመቶ ግድም ይወርዳል። በአየር ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ድርሻ ሳይለወጥ፣ ግፊቱ በመቀነሱ ብቻ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው መጠን ያንሳል። የደከመ ሰው ደግሞ እግሩን አስተካክሎ አይረግጥም። በ4,003 ሜትር ላይ ሶልቬይ የምትባል የአደጋ ጊዜ መጠለያ አለች። እዚያ እጅግ ዘግይቶ የደረሰ ደንበኛ፣ ብዙ ገንዘብ የከፈለም ቢሆን፣ ወደ ታች እንዲመለስ ይደረጋል። የ1865ቱ አደጋ የደረሰው ከጫፉ ከተመለሱ በኋላ መሆኑ አይዘነጋም፤ መሪው የሚቆጥበው ለመውረጃ የሚሆነውን ኃይል ነው።

መምህራን ይህን በክፍል ማሳየት ይችላሉ። በውሃ የተሞላ ባልዲ በገመድ አስሮ በአግዳሚ ብረት ላይ አሳልፎ ለተማሪ ማስያዝ፤ ቀጥሎም ገመዱን በብረቱ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ እንደገና ማስያዝ ነው። ሰበቃው አብዛኛውን ሸክም ስለሚወስድ በሁለተኛው ጊዜ ትንሽ ኃይል ይበቃል። መሪውም የሚወድቅን ሰው ሊያቆም የሚችለው ሸክሙን በዚህ ዓይነት ለተራራው ሲያካፍል ነው።