ሱሉልታ ላይ ሶሌታው መቼ ይደርሳል?

እንጦጦን ተሻግራችሁ ሱሉልታ ስትገቡ ሶሌታ (የፎቅ ወለል አርማታ) የተሞላበት ሳይት ፈልጉና ፎርማኑን «የባህር ዛፉ ድጋፍ መቼ ይነሣል?» በሉት። ቀን ቆጥሮ ይነግራችኋል። ዝቅ ባለችው ሰበታ ወይም ቡራዩ ብትጠይቁም መልሱ ብዙ አይለይም። ሲሚንቶ ግን ቀን አይቆጥርም፤ ሙቀት ሲያገኝ ይፈጥናል፣ የሱሉልታ የኅዳር ሌሊት ሲመታው ያዘግማል።

ድጋፉ ያለ ጊዜው ከተነሣ ሶሌታው ይሰነጠቃል፤ ሰውም ሊጎዳ ይችላል። ከሚገባው በላይ ከቆየ ደግሞ ከሥሩ ያለው ወለል የእንጨት ጫካ ነውና ብሎኬት ደርዳሪም ሆነ ለሳኝ አይገባበትም። የቀን ሠራተኛው ይበተናል፣ ኪራዩ ግን ይቆጥራል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ከሙሌቱ በፊት በመዳፍ የምትያዝ የሙቀት መለኪያ ከፌሮው ጋር ትታሰርና አርማታው ውስጥ ትቀበራለች፤ የውስጡንም ሙቀት ወደ ስልክ ትልካለች። ከሙቀት ተነሥቶ ጥንካሬን ማስላት መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. ከ1950 ገደማ ጀምሮ የሚያውቁት ነው። አዲሱ ነገር ማሽኑ ከቀደሙ ብዙ ሙሌቶች ተምሮ «ነገ ማታ ይደርሳል» ብሎ አስቀድሞ መገመቱ ነው። የካናዳው ጂያቴክ ኩባንያ «ሮክሲ» የተሰኘው ፕሮግራም የዚህ ዓይነት ነው።

ሌላም አለ። የእስራኤሉ ቢልዶትስ ኩባንያ የራስ ቆብ ላይ በታሰረ ካሜራ የተሠራውን ከፕላኑ ጋር ያስተያያል። የተቆለለ ፌሮን በፎቶ አይቶ ስንት ቤርጋ እንደሆነ የሚቆጥር የስልክ መተግበሪያም አለ፤ ስቶር ኪፐር ጓደኛ ካላችሁ ዛሬውኑ ንገሩት! የግንባታ ዘርፉ እገዛ ይፈልጋል፤ አማካሪው ድርጅት ማኪንዚ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት መሠረት ከዚያ በፊት በነበሩት 20 ዓመታት የዓለም ግንባታ ምርታማነት በዓመት በአማካይ 1 በመቶ ሲያድግ የአጠቃላዩ ኢኮኖሚ 2.8 በመቶ አድጓል።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። በእኛ ሳይቶች አሸዋና ጠጠር በሳጥን ይሰፈራል፤ ውኃው ግን ብዙ ጊዜ በዓይን ግምት ይጨመራል። ውኃ ሲበዛ አርማታ ይደክማል። የጠዋቱና የከሰዓቱ ቡኮ ከተለያየ የትኛውም ማሽን ልክ አይገምትም፤ የአርማታውን ጥንካሬ የሚለካው የ7ኛውና የ28ኛው ቀን የኪዩብ ፍተሻም አይቀርም።

ስለዚህ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምትሠሩ ወዳጆቼ፣ ከሚቀጥለው ሙሌት ጀምሮ ቀኑን፣ የጠዋትና የማታውን ሙቀት፣ የገባውን ውኃ በሊትር፣ የኪዩቡን ውጤት በአንድ ደብተር መዝግቡ። ማሽኑ የእኛን ብርድ የሚማረው ከዚያ ደብተር ነው።